ኩባያው ተለይቶ መስኮቱ ሲዘጋ፦ ስለ ቲቢ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ አንድ ሰው ቲቢ ተገኘበት ሲባል ቤተሰቡ ቀድሞ የሚያደርገው ምን መሰላችሁ? ኩባያውን መለየት። ሳህኑም ማንኪያውም ይለያል። መስኮቱ ግን «ብርድ እንዳይመታው» ተብሎ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። ጥንቃቄው የተገላቢጦሽ ሆነ ማለት ነው።

«በኩባያና በመጨባበጥ ይተላለፋል» የሚለውን እናንሳ። አይተላለፍም። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያወራ ወይም ሲዘፍን ባክቴሪያው በዓይን ከማይታዩ ጠብታዎች ጋር ይወጣል። አየር በማይገባበት ክፍል ጠብታዎቹ ለሰዓታት ተንሳፍፈው ይቆያሉ። ሌላው ሰው የሚያዘው ይህንን አየር ሲተነፍስ ነው። ስኒው ወይም እንጀራው ጥፋት የለበትም፤ አደጋው በተዘጋ ቤት አብሮ ረጅም ሰዓት መቀመጡ ላይ ነው። ከምግብ በኩል የሚያሰጋው ጥሬ ወተት ነው። ከብቶችን የሚይዘው የቲቢ ዓይነት ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ሊገባ ይችላል።

«ብርድ ነው ያመጣብኝ» ደግሞ ከሁሉም ሥር የሰደደው ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ እስቲ መስኮት ክፈቱ። «ኧረ ዝጋው፣ ንፋስ!» የሚል ከኋላ አይጠፋም። ብርድ ቲቢ አያመጣም። በሽታው ከባክቴሪያ እንደሚመጣ ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ በ1882 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። እንዲያውም የምንሸሸው ንፋስ ጠብታዎቹን በትኖ ያስወጣልናል። የደጋው ብርድ የሚጎዳን በር ዘግተን አንድ ክፍል ውስጥ እንድንታጨቅ ሲያደርገን ነው። ታማሚ ያለበት ቤት መስኮቱ ይከፈት፤ ለሚበርደው ጋቢ ይደረብለት።

«ቲቢ ካለበትማ ኤች አይ ቪም አለበት።» ይቺ ሐሜት ስንቱን ከምርመራ አስቀርታለች! ኤች አይ ቪ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ለቲቢ ያጋልጣል፤ ሁለቱ ምርመራዎች አብረው የሚሰጡትም ለዚህ ነው። ግን ኤች አይ ቪ የሌለባቸው የቲቢ ታማሚዎች ብዙ ናቸው። የምግብ እጥረት፣ የስኳር በሽታና ሲጋራም ያጋልጣሉ።

ሳንባን ብቻ ይይዛል ማለትም ልክ አይደለም። የአንገት እጢን፣ አከርካሪን፣ የአንጎልን ሽፋን ሊይዝ ይችላል። አንገት ላይ ያበጠ እጢ ቅጠል እየተለጠፈበት ወራት ከሚያልፉ ቶሎ መመርመር ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ፦ «ተሽሎኛል፣ ኪኒኑ ይብቃኝ።» የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒቶች፣ በቀሪዎቹ 4 ወራት ሁለት ይወሰዳሉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉ ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል። ሰው የሚዘናጋውም ያኔ ነው። ነገር ግን ያልሞቱ ባክቴሪያዎች ገና ውስጥ አሉ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ በሽታው ያገረሻል፤ መድኃኒቱን የለመደ ቲቢም ሊፈጠር ይችላል። የዚያ ሕክምና ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው። ጸበል የሚሄድም ኪኒኑን ይዞ ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሽንት ብርቱካናማ ሲሆን ደም ነው ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት ቀለም ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ትውከት ከበረታ ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም።

«በልጅነቴ ተከትቤያለሁ» የሚሉም አሉ። ክትባቱ በተለይ ሕፃናትን ከከባዱ የቲቢ ዓይነት ይጠብቃል፤ አዋቂን ከሳንባ ቲቢ ለመከላከል ግን አያስተማምንም።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የማታ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ካለ አክታን ማስመርመር ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሕክምናው በነፃ ይሰጣል። ቲቢ የተገኘበት ሰው ቤተሰቡን ይዞ ይምጣ፤ ገና ላልታመሙት ትንንሽ ልጆችም የመከላከያ መድኃኒት አለ።