እስኪያቅት ማንሳት ግዴታ ነው?

በድሬዳዋ ጂሞች «እስኪያቅትህ አንሳ» የማይል የለም። እዚህ ላይ ማቃት ሲባል መድከም ወይም ጡንቻ ማቃጠሉ አይደለም፤ አቋምን ሳያበላሹ አንድ ተጨማሪ ድግግሞሽ መጨረስ አለመቻል ነው። ወገብን እያወዛወዙ ወደ ላይ የወጣ ዳምቤል አይቆጠርም፤ ክንዱ ከዚያ በፊት እጅ ሰጥቷል።

ጡንቻ ለማሳደግ እስኪያቅት ከ1 እስከ 3 ድግግሞሽ ሲቀር ማቆም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ክብደቱ ቀላል ከሆነ ግን ወደ ጫፉ፣ ማለትም ወደሚያቅትበት ነጥብ፣ ይበልጥ መጠጋት ያስፈልጋል። እስከ ጫፉ መሄድ ካማረዎት በመጨረሻው ዙር፣ ያውም እንደ ክንድ ማጠፍ ባለ ቀላል እንቅስቃሴ ይሁን። ያለ ረዳት በቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት ከደረት ወደ ላይ በመግፋት) መሞከር ለእኔ ቂልነት ነው፤ ብረቱ ደረት ላይ ሲቀር ማን ያነሳዋል? የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ በማያበርደው የግንቦት ሙቀት ደግሞ ሰውነት ቶሎ ስለሚዝል፣ የለመዱት ክብደት ከከበደዎት ቀነስ ያድርጉት።