ካርዱ ላይ 71 የሆነው ለምንድን ነው?

መስከረም በገባ ቁጥር ከወላጆች የማይጠፋ ጥያቄ አለ፦ «ልጄ የማጠቃለያ ፈተናውን ከ40 36 አግኝቶ ካርዱ ላይ እንዴት 71 ይጻፍበታል?» የመምህሩ የድምር ስህተት አይደለም፤ ተከታታይ ምዘና የሚባለው አሠራር ነው።

እርግጡ ይህ ነው፦ የአንድ ትምህርት ውጤት ከመቶ ይያዛል፤ መቶው ግን በአንድ ቀን ፈተና አይሞላም። ፈተናው ከ40 ከሆነ 60ው በሴሚስተሩ ውስጥ ጥቂት በጥቂት የሚለቀም ነው። ከላይ ያልነው ልጅ በአጫጭር ፈተናዎች ከ30 20፣ በቡድን ሥራ ከ15 9፣ በቤት ሥራ ከ15 6 አገኘ እንበል። 35 ሆነ፤ ከ36 ጋር 71። የቤት ሥራው 6 የሆነው ልጁ ሰነፍ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ሠርቶ ደብተሩን አልጋ ላይ ጥሎት የሚመጣ ስንት አለ!

የነጥቡ ክፍፍል ግን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ ከክፍል ክፍልም ይለያያል። የጎረቤት ልጅን ካርድ አይታችሁ አትከራከሩ፤ በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ የክፍል ኃላፊውን መምህር ጠይቁ።

ለእኛ ለጅማዎች ደግሞ የቡና ለቀማው ወቅት አለ። ልጁ ለለቀማ ብሎ ከትምህርት ቤት በቀረበት ቀን የተሰጠ አጭር ፈተና ይተካለት እንደሆነ የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ከመቅረቱ በፊት በመገናኛ ደብተሩ ላይ ጽፋችሁ ላኩ። ልጁ ከክፍሉ ስንተኛ ወጣ የሚለው የደረጃው ጣጣ ሌላ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።