በገዳዮቹ ፎቶ አትዘክሯቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዘንድሮ የዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ተቀምጠን ነበር። አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ያንን ፎቶ አሳየን። የባሕር ዳርቻ ነው። ብርቱካናማ ልብስ የለበሱ ወንድሞች ተንበርክከዋል። ከኋላቸው ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ቆመዋል። ከሥሩ «የሊቢያ ሰማዕታት፣ በረከታቸው ይደርብን» የሚል ተጽፏል። ልጁ ያሳየን በቅን ልብ ነው።

«ስንት ነበሩ?» አልኳቸው።

«ሠላሳ!» አሉ ተሻምተው።

«የአንዱን ስም የሚነግረኝ?»

ዝም አሉ። እኔም በዚያ ሰሞን ስማቸውን ሰምቼ፣ ደረቴን መትቼ ያለቀስኩ ሰው ነኝ። በልቤ ፈለግኩት፤ አጣሁት። ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ያ ቪዲዮ የወጣው ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ዕለቱም እሑድ፣ ዳግም ትንሣኤ ነበር። የፋሲካው ጾም ከተፈታ ገና ስምንተኛ ቀኑ። ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያንን ለሁለት ከፍሎ፣ ሊቢያ ውስጥ ከፊሉን በባሕር ዳርቻ፣ ከፊሉን በበረሃ ገደለ። አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። ይህን ሁላችን እናውቃለን። እኔን ያስጨነቀኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ያን ፎቶ ማን አነሳው? ገዳዮቹ ናቸው። ካሜራውን ያቆሙት እነርሱ ናቸው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ያለበሷቸው፣ በአንድ መስመር ያሰለፏቸው እነርሱ ናቸው። እያንዳንዱ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ሲስቅ ምን እንደሚመስል፣ በየትኛው ደብር ክርስትና እንደተነሣ እንዳይታወቅ፣ አንድ ሰልፍ ብቻ ሆነው እንዲታዩ ፈለጉ። እኛስ? በየዓመቱ ያንኑ ፎቶ እንለጥፋለን። በገዳዮቻቸው ዓይን እያየናቸው «በረከታቸው ይደርብን» እንላለን። እናት ቤት ግን ሌላ ፎቶ አለ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያንን ማን ጠየቃት?

በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ድንኳን ተጥሎ ነበር። ከተገደሉት መካከል ሁለቱ የዚያው ሰፈር ልጆች፣ ጓደኛሞች ነበሩ። አብረው ወጡ፤ አብረው ሞቱ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት አብሮ አለቀሰ። (ዛሬ በእነዚህ ልጆች ስም በሙስሊም ወንድሞቻችን ላይ ስድብ የምትጽፉ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ ያንን ድንኳን አስታውሱ። የሰማዕት ደም የጥላቻ ቀለም አይደለም።)

ሰፈሩ የተጠራበትን ቅዱስ ደግሞ እዩት። ቂርቆስን እወደዋለሁ፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ። የቅዱሳን ታሪክ የተጻፈበት ስንክሳራችን ስለ እርሱ ሲናገር «አንድ ሕፃን ተገደለ» ብሎ አያልፍም። ዕድሜውን ይነግረናል፦ 3 ዓመት። የእናቱን ስም ይነግረናል፦ ኢየሉጣ። ከመኮንኑ ሸሽታ ልጇን ይዛ እንደተሰደደች ይነግረናል። ሊጣሉበት የፈላውን ውኃ ድምፅ ስትሰማ እንደፈራች እንኳ አልደበቀም። ቅድስት ናት፣ ግን ፈራች። ያ ትንሽ ልጅ ነው «እናቴ አይዞሽ» ያላት። ቅዱስ ገብርኤል ውኃውን ያበረደው ከዚያ በኋላ ነው። ሐምሌ 19 በመጣ ቁጥር ይህን ስሰማ፣ የማውቃቸውን እናትና ልጅ ያየሁ ያህል ይሰማኛል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ነው የምትዘክረው። አዎ፣ «ከእርሱም ጋር ብዙዎች» የሚልበት ቦታም በስንክሳር አለ። ያ ግን ስማቸው ያልተገኘላቸው ነው። የእኛዎቹ ስም እኮ አልጠፋም። እናቶቻቸው በሕይወት አሉ።

ኢየሉጣ ስደተኛ ነበረች ብያለሁ። ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። «ምን ሊሠሩ ሄዱ?» የሚል ንግግር ዛሬም ከምእመናን አፍ እሰማለሁ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ! እንጀራ ፍለጋ ነው የሄዱት። ለእናት ቤት ሊያሠሩ፣ ታናሽ እኅት ሊያስተምሩ። ወደ አውሮፓ ለመሻገር የሊቢያን መንገድ የመረጠ ሰው ሌላ መንገድ ያጣ ሰው ነው። ይህን የምትሉ ሰዎች ኢየሉጣንም «ለምን ሸሸች?» ልትሏት ነው? አፍ ሲያመልጥ ነፍስ ያቆስላል። ንስሐ ግቡበት።

ግብፃውያኑን ተመልከቱ። ከእኛዎቹ ሁለት ወር ቀድሞ፣ የካቲት 8 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ 21 ክርስቲያኖች በዚያው በሊቢያ ባሕር ዳር ሲገደሉ ታዩ። 20ው ግብፃውያን፣ አንዱ ጋናዊ። 13ቱ ሚንያ አጠገብ ካለች አል ዑር ከምትባል አንዲት የገጠር መንደር የወጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። የኮፕት ቤተ ክርስቲያን ስማቸውን በስንክሳር ጻፈች። መንደራቸው ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሠራላቸው። በ2010 ግንቦት ላይ የግብፃውያኑ አጽም ተመልሶ እዚያው ዐረፈ። ጋናዊውን «የእኛ አይደለም» አላሉትም፤ በስሙ፣ ማቴዎስ ብለው፣ ከወንድሞቹ ጋር ቆጠሩት።

እኛም እንደዚያ እንሁን። ስማቸውን እዚህ አልደረድርም። ስማቸው ያለው እናቶቻቸው ዘንድ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ ማኅበራት፣ በየደብራችሁ ያለውን ቤተሰብ ፈልጉ። እናትየዋ ቡና አፍልታ ትቀበላችኋለች። ስመ ክርስትናውን ጠይቋት። የንስሐ አባታችሁ ሲጸልዩላችሁ «ስመ ክርስትናህ ማን ነው?» አይደል የሚሉት? ምን ይወድ እንደነበርም ጠይቋት። መዝሙር ያጠና ነበር? ኳስ ይጫወት ነበር? ጻፉት። ሚያዝያ 11 ሲደርስ ያንን አንብቡ። ቪዲዮውን ግን ከስልካችሁ አጥፉት።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ እናቶች ልመለስ።

በታኅሣሥ 2011 በሊቢያ፣ ሲርት ከተማ አጠገብ የ34 ሰዎች አጽም ያለበት የጅምላ መቃብር ተገኘ ሲባል፣ የኢትዮጵያውያኑ ነው መባሉን ስትሰሙ ልባችሁ ምን እንደሆነ አላውቅም። መቃብር የሌለው ሐዘን አያልቅም። አፈር ሳያለብሱ «እግዜር ያጽናሽ» መባል ከባድ ነው። እኔ ለዚህ የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20። መግደላዊት ማርያም ባዶ መቃብር አጠገብ ቆማ ታለቅሳለች። «ጌታዬን ወስደውታል፣ ወዴትም እንዳኖሩት አላውቅም» ትላለች። ይህ የእናንተ ቃል ነው። ጌታ አጠገቧ ቆሞ ነበር። አላወቀችውም፤ አትክልተኛ መሰላት። «አንቺ ሴት፣ ስለ ምን ታለቅሻለሽ?» ሲላትም አላወቀችውም።

ከዚያ «ማርያም» አላት።

ያኔ ዘወር አለች። በስሟ ሲጠራት አወቀችው። ሞትን ድል የነሣው ጌታ ከመቃብሩ ደጅ ያደረገው፣ አንዲት የምታለቅስ ሴት በስሟ መጥራት ነው።

እናቴ፣ ልጅዎን በ40 ቀኑ ታቅፈው ሲወስዱት የተሰጠውን ስም እርሱ ያውቀዋል። እኛ ግን አናውቀውም። እባክዎ፣ ይንገሩን።