«እንጨቱ ነው» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ትናንሽ ሲኤንሲ ማሽኖች የሚባሉና እውነታው

የጅማን በርጩማ የማያውቅ የለም። አሁን አሁን ከእጅ ሥራው ጎን ትንሽ ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን ገዝተው ዋንዛ ላይ ጌጥ የሚቀርፁ ልጆችም አሉ። ማሽኑ በካርቶን ይመጣል። አብሮት ያለው ማኑዋል ስለ ብሎን አገጣጠም ያወራና ያበቃል።

3018 የሚባሉት ትናንሽ ማሽኖች በአብዛኛው የሚታዘዙት ግርብል በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ነው። ግርብል ጎበዝ ነው፤ ግን ሲያቅተው ሁልጊዜ አይናገርም። ሻጩም ገደቡን አይነግራችሁም። ስለዚህ ጥፋቱ በሌላው ላይ ይላከካል።

«እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ነው የሚያቃጥለው»

ዝናብ በማይጠፋበት ጅማ ይህ ክስ ቶሎ ይታመናል። ግን ቀጥታው መስመር ንጹህ ሆኖ ኩርባው ብቻ ከጠቆረ እንጨቱን ተዉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዲዛይን ሶፍትዌሩ ኩርባውን በጣም አጫጭር ወደሆኑ ቀጥታ መስመሮች ይበጣጥሰዋል። ግርብል ደግሞ በአንድ ጊዜ አሻግሮ የሚያየው 16 ያህል መስመር ብቻ ነው። ካየው የመጨረሻ መስመር በኋላ ምን እንደሚመጣ ስለማያውቅ፣ እዚያ ጋ መቆም በሚያስችለው ፍጥነት ብቻ ይሄዳል። እያንዳንዱ መስመር 0.05 ሚሊሜትር ከሆነ የሚታየው ርቀት 0.8 ሚሊሜትር ነው። ማጣደፊያው፣ ማለትም $120 እና $121 የሚባሉት የግርብል ቅንብሮች፣ በነባሪው 10 ላይ ካሉ፣ በዚያ ርቀት ውስጥ ሊቆም የሚችለው በደቂቃ ወደ 240 ሚሊሜትር ሲሄድ ነው። እናንተ ግን ፍጥነቱን በደቂቃ 1000 ብላችሁ ጽፋችኋል። ስህተት የሚል ነገር አይወጣም። ቢቱ (መቁረጫው) ከመቁረጥ ይልቅ እንጨቱን እያሸ ይዞራል፣ ያቃጥላል።

መፍትሔው የዲዛይን ሶፍትዌሩ ኩርባውን በጂ2 እና ጂ3፣ ማለትም በቅስት ትዕዛዞች እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ካልሆነም ቶለራንሱን፣ ማለትም ከኩርባው መራቅ የሚፈቀደውን ልክ፣ ትንሽ ማላላት። ማጣደፊያውንም ማሽኑ እስከቻለ ድረስ ቀስ በቀስ ጨምሩት። እንጨት ከማበላሸታችሁ በፊት ቢቱን ከፍ አድርጋችሁ በባዶ አስሩጡትና ስክሪኑ ላይ ያለውን ትክክለኛ ፍጥነት ተመልከቱ።

«ፈጣን ላፕቶፕ ብገዛ ይስተካከላል»

አይስተካከልም። ስሌቱ የሚሠራው ቦርዱ ላይ ባለችው ቺፕ ነው። የሷ ራም 2 ኪሎባይት ነው። ብራችሁን ለጥሩ ቢት አውሉት።

«መብራት ቢጠፋም ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ችግር የለም»

ይሄኛው ነው ብዙ ዋንዛ የሚበላው። መብራት ሲሄድ ሞተሮቹ ይቆማሉ። ብዙዎቹ ቦርዶች ግን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ኃይል ስለሚያገኙ አይጠፉም። ሶፍትዌሩ መላኩን ይቀጥላል፣ ቦርዱም እርምጃውን መቁጠሩን። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል፤ ግን ከተሳሳተ ቦታ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ልክ ይመስላል። ሞተሮቹ የት እንዳሉ ለቦርዱ የሚነግሩበት መንገድ የላቸውም፤ ቁጥሩ የታዘዘውን እንጂ የተደረሰበትን አያሳይም።

ስለዚህ መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ ዩኤስቢውን ንቀሉ። ሊሚት ስዊች፣ ማለትም ማሽኑ ጫፍ ሲደርስ የሚነካው ማብሪያ፣ ከሌላችሁ ግዙና ግጠሙ፤ ዋጋው ከአንድ የተበላሸ በርጩማ ጋር አይወዳደርም። ከዚያ ወደ መነሻ መመለሻውን ቅንብር $22ን 1 አድርጉ። ማሽኑ በ$ኤች ($H) ትዕዛዝ ወደ መነሻው ሲመለስ፣ ቀድሞ መነሻውን ይዛችሁ የሰጣችሁት የሥራ ዜሮ እዚያው ይገኛል፤ እሱን ግርብል መብራት ቢጠፋም ይይዘዋል። ማሽኑ ከአልጋው እንዳይወጣ የሚከለክለው $20ም ያለ $22 አይበራም፤ ብትሞክሩት ስህተት 10 ይላችኋል። እዚህ ጋ እንኳ ተናገረ!

«ኦኬ ካለ ይችላል ማለት ነው»

የከፍተኛ ፍጥነት ቅንብሩ $110 ላይ 5000 ጻፉለት፣ ግርብል ኦኬ ይላል። ቺፗ ግን በሴኮንድ የምትሰጠው 30,000 እርምጃ ያህል ነው። ማሽናችሁ ለአንድ ሚሊሜትር 800 እርምጃ የሚፈልግ ከሆነ ጣሪያው በደቂቃ 2250 ሚሊሜትር ነው። ሞተሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት እጁን ይሰጣል። ኦኬ ማለቱ ቁጥሩን መዘገብኩ ነው እንጂ ከዚያ አያልፍም።

«ጂ-ኮድ ሁሉ አንድ ነው»

ጂ-ኮድ ማሽኑ የሚታዘዝበት ቋንቋ ነው። ከሌላ ማሽን የተወሰደ ፋይል መሃል ላይ በስህተት 20 ከቆመ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ግርብል የጉድጓድ መብሻውን ጂ81፣ የቢት ውፍረት ማካካሻውን ጂ41፣ ቢት መቀየሪያውን ኤም6 አያውቃቸውም። ከ80 ፊደል በላይ የሆነ መስመርም አይቀበልም። ፋይል ስታወጡ ፖስት ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ዲዛይኑን ወደ ጂ-ኮድ የሚቀይረው ክፍል፣ የግርብል መሆኑን አረጋግጡ። ቀድሞ ፊውዥን 360 ይባል የነበረውን የፊውዥን ዲዛይን ሶፍትዌር ነፃ የግል ፈቃድ የምትጠቀሙ ደግሞ፣ ቢቱ በአየር ላይ ሲሄድ እንኳ ቢንቀራፈፍ ማሽኑን አትፍቱ፤ ከ2020 ጀምሮ ፈጣን እንቅስቃሴን ከዚያ ፈቃድ አውጥተውታል። ሥራችሁ ሁለት ቢት የሚፈልግ ከሆነ ለየቢቱ የራሱን ፋይል አውጡለት።