የፋሺዝም ወንድነት ምንድን ነው?

«ወንድ ከሆንክ ና!» ይህን ሳይሰማ ያደገ ወንድ ልጅ ያለ አይመስለኝም። «ሴት ከሆንሽ ነይ» የሚል ግን ሰምቼ አላውቅም። ያቺ «ከሆንክ» ብዙ ትናገራለች፦ ሴትነት ከአካል ጋር የሚመጣ፣ ወንድነት ግን በሰው ፊት የሚመሰከር፣ ከተሸማቀቁበት ቀን በኋላም የሚነጠቅ ማዕረግ ነው ትለናለች።

ጆሴፍ ቫንዴሎና ጄኒፈር ቦሰን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከ2008 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህንኑ ስጋት አጥንተዋል። በአንዱ ሙከራ ወንዶችን ሹሩባ አስጎነጎኗቸው፤ ሌሎቹን ገመድ። ሹሩባ የጎነጎኑት ከዚያ በኋላ የቦክስ ከረጢት መምታትን ይበልጥ መረጡ። እኛ ዘንድ ሹሩባ የጀግና ምልክት ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስን ያለ ሹሩባ ማን ያስባቸዋል? የሚያሳፍረው ነገር ከአገር አገር ይለያያል፤ ስጋቱ ግን ያው ነው።

የፋሺዝም ወንድነት የምንለው ይህን የግለሰብ ስጋት ፓርቲና መንግሥት ሲረከቡት የሚፈጠረውን ነው። ፋሺዝም ለተሸማቀቀው ሰው «የተዋረድከው አንተ ብቻ አይደለህም፣ አገርህም ነች» ይለዋል። መድኃኒቱንም ያዝለታል፦ ጠላትና ጦርነት።

ጣሊያን ላይ በግልጽ ይታያል። የሙሶሊኒ ታጣቂ ደጋፊዎች የነበሩት ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ፣ ብዙዎቹ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ፣ ተቃዋሚያቸውን ይዘው ሆድ የሚያስቀምጥ የጉሎ ዘይት በግድ ያጠጡት ነበር። የፈለጉት ሰውየው በሆዱ እንዲዋረድና በጎረቤቱ ፊት ወንድነቱን እንዲያጣ ነው። በ1926 ከ8 እስከ 14 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆችን የሚያሰለጥነው ባሊላ ተቋቋመ። በ1927 ከ25 እስከ 65 ዓመት ባሉ ላጤ ወንዶች ላይ ግብር ተጣለ፤ ያላገባና ያልወለደ ወንድ ለመንግሥት ባለዕዳ ሆነ ማለት ነው። በ1934 ሙሶሊኒ በፓርላማ ሲናገር፣ እናትነት ለሴት እንደሆነው ሁሉ ጦርነትም ለወንድ ነው አለ።

እንዲህ ከታሰበ ሰላም ራሱ ስጋት ይሆናል፤ የማይዋጋ ወንድ ምኑን ያስመሰክራል? ለሙሶሊኒ ደግሞ የቆየ ቁስል አልጠፋውም። ጥቅምት 2 ቀን 1935 ሕዝቡን ሰብስቦ «ከኢትዮጵያ ጋር 40 ዓመት ታግሰናል፤ አሁን በቃ!» ሲል ዓድዋን እያነሳ ነበር። የአያቶች ሽንፈት የልጅ ልጆች እፍረት ሆኖ ቀረበ፤ ያን እፍረት ለማጠብ በመጣው ጦርነት የሰናፍጭ ጋዝ በገበሬና በከብት ላይ ዘነበ። ብዙዎች ይህን ጦርነት በመሬትና በሀብት ፍለጋ ብቻ ያስረዱታል፤ እኔ ግን እፍረቱ ካልተቆጠረ ሒሳቡ ይጎድላል እላለሁ።

ጀግንነትን ለወንድ ብቻ የሰጠው ያ ጦር አርበኛ ሴቶች ገጠሙት። ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1936 ከተገደሉ በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ከበደች ሥዩም አርበኞችን እየመሩ ጫካ ገቡ።