የሚደበድባትን ባሏን የገደለች ሴት፦ ሕጉ ምን ይላል፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይስ እንዴት ይታያል?

"ባሏን ገደለች" የሚል ወሬ ከደሴ ፒያሳ ተነስቶ ሸዋ በር እስኪደርስ ሁለት ፍርድ ተሰጥቶበት ያድራል። አንዱ "ሰው የገደለ ዕድሜ ልኩን ይታሰር" ይላል። ሌላው "ራሷን ነው ያዳነችው፣ ነገ ትፈታለች" ይላል። ሕጉ ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። መሀል ላይ ሰፊ ቦታ ትቷል፤ እዚያ ለመድረስ ግን የዓመታቱ ድብደባ በወረቀትና በምስክር መታየት አለበት። የእኛ ችግር ያለው እሱ ላይ ነው።

የሚሠራው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው፤ ለባልም ለሚስትም አንድ ነው። ክሱን ዓቃቤ ሕግ ያቀርባል፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያየዋል። ዋናው ጥያቄ ክሱ በየትኛው አንቀጽ ይወድቃል የሚለው ነው። አንቀጽ 539 ከባድ ግድያ ነው፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል። 540 ተራ ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። 541 ቀላል ግድያ ሲሆን ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። በ539 እና በ541 መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ሴት ሙሉ ዕድሜ ነው፤ ልጆቿን ማሳደግ መቻሏም የሚወሰነው እዚሁ ላይ ነው።

ሙሉ በሙሉ ነፃ የሚያወጣው አንቀጽ 78፣ ሕጋዊ መከላከል ነው። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት፤ እየደረሰ ያለ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል፣ መከላከያውም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ቢላ ይዞ ሲመጣባት ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ልኩን ካለፈች አንቀጽ 79 አለ፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልላታል፣ ልክ ያሳለፋት ጥቃቱ ያመጣባት ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነና ይቅርታ የሚገባው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጭራሽ ላይቀጣት ይችላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ፣ የሕግ ባለሙያዋ መዓዛ አሸናፊና የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመውላት፣ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ ነፃ ወጥታለች። እሷ ሚስት ሆና የኖረች አልነበረችም፣ የቀድሞው ሕግም ይሠራ የነበረበት ዘመን ነው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ከባዱ ጉዳይ ሌላ ነው። ሲደበድባት አምሽቶ "ነገ እጨርስሻለሁ" ብሎ የተኛ ባል። በዚያች ደቂቃ እጁን አላነሳም። "የተቃረበ ጥቃት" የሚለውን ቃል በሰዓት ብቻ የሚለካ ዳኛ ዘንድ አንቀጽ 78 አይረዳትም፤ እንዲያውም ዓቃቤ ሕግ "አስባ፣ ተዘጋጅታ" ብሎ 539ን ሊያነሳ ይችላል። እኔ ይህ አለካክ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ከጉልበተኛ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖር ሴት አደጋው መቼ እንደሚመጣ ከማንም በላይ ታውቃለች። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ላቫሊ በምትባል ሴት ጉዳይ ይህንን ተቀብሏል፤ አብሯት የሚኖረው ሰው እንደሚገድላት ዝቶ ጀርባውን ሲያዞር ተኩሳ ገድላው ነበር፣ ፍርድ ቤቱም የዓመታት ድብደባ በፍርሃቷ ላይ ያደረሰውን የሥነ አእምሮ ባለሙያ ማስረዳት ይችላል ብሎ ነፃ የወጣችበትን ውሳኔ መልሶ አጸና። ለእኛ የቀረበው መንገድ 541 ነው። ከባድ ትንኮሳን ወይም ሁኔታው ሲታይ ሊገባን የሚችል ብርቱ ስሜትን ይቀበላል። እሱም ካልተሳካ በአንቀጽ 82 ንዴት፣ ሥቃይ፣ ከባድ ሥጋት ቅጣት ያቀላሉ።

ግን ይህ ሁሉ በማስረጃ ነው። የመጀመሪያው ጥፊ ቀን ሽማግሌ ይጠራል፣ "ገበናሽን አታውጪ፣ ለልጆችሽ ብለሽ ታረቂ" ይባላል፣ ትታረቃለች፣ ወረቀት አይቀርም። ሐኪም ቤት ስትሄድ "ከደረጃ ወድቄ ነው" ትላለች፤ ካርዷ ላይም "ወደቀች" ተብሎ ይጻፋል። ለፍርድ ቤት የሚሆን የሐኪም ማስረጃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ፖሊስ በደብዳቤ ሲጠይቅ ነው፤ ፖሊስ ጋ ካልሄደች የለም። ኮምቦልቻ ላይ በየግቢው ተከራይተው የሚኖሩት ብዙዎቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ምስክር ሁን ሲባል ግን "እኔ የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው" ይላል። ጩኸትም ምስክርነት ነው፤ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ሰሞን፣ ምን ሲባል እንደሰማ ቢናገር ለተከላካይ ጠበቃዋ ትልቅ ነገር ነው። ማስረጃ ያላት ደግሞ ኮፒውን እህቷ ጋ ታስቀምጥ፤ በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ላይ ሆስፒታሉ ሳይቀር ተዘርፏል።

ሌላው የፖሊስ ቃል ነው። ደንግጣ፣ ልብሷ ላይ ደም እያለ "አዎ ገደልኩት" ትላለች፣ ይጻፋል፣ ትፈርማለች። ከዚያ በፊት ያለው አሥር ዓመት አይጻፍም። ሕገ መንግሥቱ ዝም የማለት መብት ይሰጣል፣ አቅም ለሌለውም መንግሥት ጠበቃ ያቆማል። ጠበቃ እስኪመጣ መጠበቅ ወንጀልን መደበቅ አይደለም።

ድብደባው ራሱ ወንጀል ነው፤ አንቀጽ 564 በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃት እንደማንኛውም የአካል ጉዳት እንዲቀጣ ያዛል። በጋብቻ ውስጥ ያለ አስገድዶ መድፈር ግን በአንቀጽ 620 አይሸፈንም፤ ሕጉ የሚያወራው ከጋብቻ ውጭ ስላለው ነው። ስለዚህ በዚያ መንገድ ስትሠቃይ የኖረች ሴት ሥቃይዋን በወንጀል ስሙ እንኳ ልትጠራው አትችልም። ይህ መስተካከል አለበት። ለመፋታት ግን፣ ብዙዎች ከሚመስላቸው በተቃራኒ፣ የባልን ጥፋት ማስረዳት ግዴታ አይደለም።

ከግድያው በኋላ ወሎ ላይ የአገር ሽማግሌ ደም ለማድረቅ መነሳቱ አይቀርም። የሁለቱ ቤተሰቦች ዕርቅ ቂም በቀልን ያስቀራል፣ ለልጆቹም መጠጊያ ይሆናል። ክሱን ግን አያቆመውም፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በወንጀል ላይ ሥልጣን የላቸውም። ጠበቃው የዕርቁን ሰነድ ለቅጣት ማቅለያ ሊያቀርበው ይችላል፣ የተፈረደባት ሴትም ለአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ትችላለች።