ጅማ ላይ ልጆችን ማስነበብ፦ የበጎ ፈቃዱ ሥራ ምን ይመስላል?

የንባብ በጎ ፈቃደኛ ማለት ትምህርት ቤት እየሄደ ልጆች ሲያነቡ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ነው። አስተማሪ አይደለም። ደብተር አያርምም፣ ነጥብ አይሰጥም። ልጆቹ ግን «ቲቸር» ማለታቸው አይቀርም።

መስማቱ ለምን አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በ2010 በአገሪቱ በስድስት ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። አማርኛና አፋን ኦሮሞም አሉበት። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስንፍና አይደለም። ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ነው፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። መምህሩ ሁሉንም ላስነብብ ቢል ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃም አይደርሰው። ስለዚህ በኅብረት ይነበባል። በኅብረት ሲነበብ ደግሞ የማይችለውም አፉን ያንቀሳቅሳል፤ ማን ያውቅበታል? «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ የሚያንበለብል ልጅ አለ። ጣታችሁን «ሙ» ላይ ስታሳርፉ ግን ከ«መ» ይነሳና እየቆጠረ ይመጣል። ይሄ የሚታወቀው ለብቻው ሲያነብ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ሲኖር ነው።

የጅማ ልጅ ሌላም ሥራ አለበት። ከተማው ውስጥ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ይነገራል፤ አንዱ በቁቤ (በላቲን ሆሄያት)፣ ሌላው በፊደል ይጻፋል። እንግሊዝኛ ይጨመርበታል። ቁቤ አናባቢ ሲረዝም ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ «lafa» ማለት «መሬት» ነው፤ አናባቢዎቹ ሲረዝሙ ግን «laafaa»፣ «ልፍስፍስ» ይሆናል። ፊደላችን ደግሞ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና ነው»? ልጁ ከዐረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ደግሞ «ሲ» (c) የሚባለው ሆሄ በቁቤ «ጭ» ስለሆነ ድመቷ፣ «cat»፣ «ጨት» ትሆናለች። ጫት በሞላበት ጅማ ይሄ ስህተት ያስቃል። ልጁ ግን አልተሳሳተም፤ የተማረውን በትክክል ነው የተጠቀመው። ይህን ያልገባው በጎ ፈቃደኛ ልጁን ዝም ያሰኘዋል።

ቤት ውስጥ ይረዱታል እንዳይባል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ቁቤ የመጣው በ1984 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በዘመቻው ማንበብ የቻሉ አያት የልጅ ልጃቸውን መጽሐፍ ሲገልጡ ባዕድ ይሆንባቸዋል። ቋንቋው የራሳቸው ሆኖ!

ለዚህ ሥራ ጉልበት የሚገኘው ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. በዚህ ስም ከመቋቋሙ በፊት ጀምሮ የጤና ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ ማውጣት ልማዱ ነው። ከሌላ ክልል የመጣ ተማሪ አፋን ኦሮሞ ላይችል ይችላል። ችግር የለውም፣ እንዲያውም ጥሩ ነው። ልጁ ያነብና ይተረጉምለታል። ያኔ ቲቸሩ ልጁ ነው።

አገባቡ ቀላል ነው። ማህተም ያለው የትብብር ደብዳቤ ይዞ ርዕሰ መምህሩን ማነጋገር፣ ፈረቃውን ማወቅ፣ ሰው በሚያይበት ቦታ መቀመጥ። ከልጅ ጋር በር ዘግቶ መቀመጥ የለም። ሥራው ሲጀመር በእንቆቅልሽ ወይም በ«ተረት ተረት» ማሟሟቅ ይጠቅማል፤ ከዚያ ልጁ ያነባል። ቢደናቀፍ ትንሽ መታገሥ ነው። እኔ ቃሉን ከአፉ የመንጠቅ አመል ነበረብኝ፤ ለመተው ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

መጽሐፍ ትልቁ ራስ ምታት ነው። ከውጭ በካርቶን የሚመጣው እንግሊዝኛ ነው፤ የበረዶ ሰውና የባቡር ታሪክ። ሥዕሉ ያምራል፣ ለ2ኛ ክፍል ልጅ ግን ብዙም አይሆነውም። ልጆቹ ራሳቸው የነገሩትን ተረት በትልቁ ጽፎ መልሶ ማስነበብ ይሻላል። ወጪው አንድ ደብተር ነው።

ጊዜውም ይመረጣል። የክረምት በጎ ፈቃድ ብዙ ሰው ያሰልፋል፤ ግን የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፅ አይሰማም። ያኔ ሥዕል መሳል ይያዛል። ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ የቡና ለቀማ ነው፤ በተለይ ዳር ዳር ካሉ ትምህርት ቤቶች ልጆች ይቀራሉ። የቀረን ልጅ ካቆመበት ገጽ ማስቀጠል እንጂ ስለ መቅረቱ መጠየቅ አያስፈልግም።

ደግሞ የሚቀሩት ልጆቹ ብቻ አይደሉም። የዩኒቨርሲቲ ፈተና ሲደርስ ቲቸሮቹም ይጠፋሉ። ለዚህ ነው ለአንድ የልጆች ቡድን ሁለት በጎ ፈቃደኛ የሚያስፈልገው፤ አንዱ ፈተና ሲይዘው ሌላው የትኛው ልጅ የት ገጽ ላይ እንደቆመ ያውቃል።